ጥርት አድርጋ መለሰችልኝ

ሣጥኑ ሲከፈት ልጅቱ ሞታ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ወደቡ ላይ ተኮልኩሎ መርማሪዋን የጠበቀው ሰው ግን የመጣው ይህን ሊነግራት ሳይሆን ገዳዩ ማን እንደሆነ ሊነግራት ነው። እግሯ ገና መሬት ሳይረግጥ አንዱ ከግራ ሌላው ከቀኝ «ጀልበኛው ነው፣ ሌላ ማን ይሆናል» ይላታል። አንድ ሽማግሌ ሻንጣዋን ሊቀበላት እጁን ዘርግቶ፣ ልጄ ብዙም አትድከሚ፣ ሥራሽ አልቆ ነው የጠበቀሽ አላት። ሻንጣውን አልሰጠችውም። ሥራዋን ሌላ ሰው ጨርሶ ሲጠብቃት ደስ አይላትም።

የደሴቲቱ ፖሊስ ጣቢያ አንድ ሃምሳ አለቃ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ የእስረኛ ክፍል ማለት ነው። ሃምሳ አለቃው እዚያው ተወልዶ እዚያው ያደገ፣ ሆዱ ቀበቶውን የዋጠ፣ ፊቱ ደግ የሆነ ሰው ነው። ነገሩን ከቅድመ አያቶቹ ዘመን ጀምሮ ሊተርክላት ወንበሩ ላይ ሲመቻች፣ መርማሪዋ እስክሪብቶዋን አውጥታ «ባጭሩ» አለችው።

ባጭሩ እንዲህ ነው። በዓመት አንድ ቀን፣ አንዲት ያላገባች ልጅ «እንግዳ» ተብላ ትመረጣለች። ከከተማዋ አናት ላይ፣ ከአሮጌው በር አጠገብ ባለው አዳራሽ ነጭ ልብስ ትለብሳለች። አንድ ኩባያ ወተት ትጠጣለች። ጣቷ ላይ ወፍራም የመዳብ ቀለበት ይደረግላታል። ከዚያ ረጅም የእንጨት ሣጥን ውስጥ ትጋደምና ክዳኑ ይገጠምባታል። ወንዶቹ ተሸክመዋት በዋናው መንገድ ቁልቁል ወደ ወደቡ ይወርዳሉ። በየደጁ ሣጥኑ ይቆማል፤ የቤቱ ባለቤት ወጥቶ ክዳኑን ይመታል፤ እንግዳዋ ከውስጥ በቀለበቷ እየመታች ትመልሳለች። ለአፍታ ጆሮውን የሚደግነው የቤቱ ባለቤት ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው ከኋላ እየዘፈነ ስለሆነ ምንም አይሰማም። ባለቤቱ ቀና ብሎ «መለሰችልኝ» ሲል ይጨበጨብለታል። እንግዳዋ የመለሰችለት ቤት ዓመቱን ሙሉ ይቀናዋል።

«ያልመለሰችለትስ?»

ሃምሳ አለቃው ጭራሽ ያልጠበቀው ጥያቄ ሆነበት። «እንዲህ ያለ ቤት የለም ኢንስፔክተር። እኔ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም።»

ወደቡ ላይ ሣጥኑ ጀልባ ላይ ይጫናል። ጀልበኛው ብቻውን እየቀዘፈ ከትልቁ ቋጥኝ ጀርባ ይዞራል፤ እዚያ ከሰው ዓይን ተሰውሮ ክዳኑን ይከፍታል፤ እንግዳዋም ጀልባው ላይ ቆማ እጇን እያውለበለበች ትመለሳለች። ትናንት ግን ጀልባው ሲመለስ ቆሞ የታየው ጀልበኛው ነው። ልጅቱን ታቅፎ ይጮኽ ነበር።

ሟቿ በቤተሰቧም በሰፈሯም ድምቢጥ እየተባለች የምትጠራ፣ የእናቷ አንድያ ልጅ ናት። ሃምሳ አለቃው ጉዳዩን በጣቶቹ እየቆጠረ አስረዳት። ድምቢጥ በየደጁ መልሳለች። የመጨረሻው ደጅ ወደቡ ጥግ ያለው የሣጥኑ አባት ቤት ነው፤ እሳቸው የቀድሞ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ አሁን ሥርዓቱን የሚመሩ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ እዚያም መልሳለች። ከዚያ በኋላ ከጀልበኛው በቀር አጠገቧ የደረሰ የለም። በዚያ ላይ ጀልበኛው አምና ኮሚቴው ፊት ቆሞ፣ ይህ ነገር ይቅር፣ አለዚያ እኔ አስቀረዋለሁ ብሎ ዝቷል፤ በሸሚዙ አንገት ጎትተው ነው ያስወጡት።

«በምን ገደላት ነው የምትሉት?»

«ሣጥኑ ውስጥ ትራስ አለ።»

ስልኩ ጮኸ። የመርማሪዋ አለቃ ነው። በከሰዓቱ መርከብ ተጠርጣሪውን ይዘሽ ተመለሺ፣ ክሱ ነገ ይከፈታል፣ ከዋና ከተማ የሄዱ ትልልቅ ሰዎች በዓሉ ላይ ስለነበሩ ነገሩ እንዲጓተት አልፈልግም አላት። እሺም እምቢም ሳትል ዘጋችው።

ከእስረኛው ክፍል ደጃፍ የጀልበኛው እናት ምግብ በጨርቅ ቋጥረው ተቀምጠዋል። ከትናንት ጀምሮ እንደዚያው ናቸው። በመስኮቱ በኩል የሚያልፈው ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ አጮልቆ እያየ የሚናገረውን ይናገራል፤ አንዳንዱም ይተፋል። እናትየው ትፋቱን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ እንጂ ቀና ብለው አያዩም።

ጀልበኛው ድምፁ ዘግቷል። «ስከፍተው እጇ ቀዝቅዞ ነበር» አለ። «ውኃ ረጨሁባት። ሁልጊዜም ውኃ እረጭባቸዋለሁ።»

«ለምን?»

«ደህና ሆነው አይወጡማ። ዓይናቸው ይንከራተታል፤ ደግፌ ነው የማቆማቸው። አምናም ለኮሚቴው የነገርኩት ይህንኑ ነው። አንድ ቀን አንዷ እጄ ላይ ትቀራለች አልኩ። ይኸው ቀረች።»

«ይህን ለሃምሳ አለቃው ነግረኸዋል?»

«ሁለት ጊዜ።»

የእምነት ክህደት ቃሉ የሰፈረበት ወረቀት ላይ ከዚህ አንድም ቃል የለም። መርማሪዋ ወረቀቱን ሃምሳ አለቃው ፊት ዘርግታ ለምን እንዳልጻፈው ጠየቀችው። ሃምሳ አለቃው አንገቱን አሸት አሸት አደረገ። ልጆቻችንን ሰካራም ያስመስላል ብዬ ነው አለ። ሰው የሞተበት ምርመራ ላይ የከተማውን ስም ለመጠበቅ ብሎ ቃል ይቆርጣል፤ ደግሞ ደህና ነገር እንደሠራ ሰው ያያታል። መርማሪዋ ብዙ ልትለው አስባ ሰዓቱን አየችና ተወችው።

በዚያው መርከብ አብሯት የመጣው ሐኪም ጤና ጣቢያው ውስጥ አስከሬኑን መርምሮ ጨርሶ እጁን እየታጠበ ነበር። አንገቷ ላይ የጣት ምልክት የለም፣ ከንፈሯም አልቆሰለም፣ አፍና አፍንጫዋ በትራስ የታፈነ አይመስልም አለ። አስም ነበረባት። የሞተችው አየር አጥሯት ነው። የሞተችበትን ሰዓት ግን ቆርጦ መናገር አይችልም፤ ደሟም ተመርምሮ ውጤቱ እስኪመጣ ሳምንታት ይፈጃል።

«አንድ ነገር ግን ልንገርሽ» አላት ፎጣውን እየፈለገ። «ሳንባዋ እንደተነፋ ነው። ይህ ቶሎ የሚያልቅ ሞት አይደለም። ረጅም ጊዜ ታግላለች፤ ግማሽ ሰዓት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ።»

ከወደቡ እስከ ቋጥኙ ጀርባ የሚያስቀዝፈው ሲጃራ ተለኩሶ እስኪያልቅ ያህል ነው። እንግዲያው ድምቢጥ መታፈን የጀመረችው ገና መንገድ ላይ እያለች ነው። አየር ያጠረው ሰው ደግሞ በደጁ ላቆመው ሁሉ በትሕትና እየመታ አይመልስም። ክዳኑን በጡጫ፣ በጉልበት፣ በእግር ይደበድባል። መርማሪዋ ሐኪሙን እንኳ ሳትሰናበት ወጥታ ወደ ዋናው መንገድ አመራች።

መንገዱ ጠባብ ነው፤ ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው፣ ደጆቻቸው ለበዓሉ አዲስ ቀለም ተቀብተው ቆመዋል። ከታች ጀምራ ወደ ላይ እያንኳኳች፣ ቃላቸውን እያስፈረመች ወጣች። ዳቦ ጋጋሪው እጁን በሽርጡ እየጠረገ፣ ጥርት አድርጋ መለሰችልኝ አላት። ስትደበድብ፣ ስትጮኽ፣ ስታቃስት የሰማኸው ነገር የለም? የለም፣ እንደወጉ፣ ጥርት ያለ። ፀጉር አስተካካዩ የደንበኛውን አገጭ እንደያዘ፣ ጥርት አድርጋ መለሰችልኝ አለ፤ ፊቱ በሳሙና አረፋ የተሸፈነው ደንበኛም ለእኔም ብሎ ጨመረ። የጫማ ሻጩ ሚስት ባሏ አፉን ሳይከፍት በፊት ነገረቻት። ቃሉ እንኳ አይለያይም፤ ትምህርት ቤት ተሰልፈው ያጠኑት ይመስላል። አንዱ «ቀስ ብላ» ሌላው «ደከም ባለ ድምፅ» ቢል ደስ ባላት ነበር። የአንድ መንገድ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሲሰማ አይታ አታውቅም።

የድምቢጥ እናት ቤት ከላይ ሲቆጠር ሦስተኛው ነው። ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ ነበር። እናትየው ግድግዳ ተደግፈው ወለሉን ያያሉ። መርማሪዋ ቁጢጥ ብላ አጠገባቸው ተቀምጣ እንደ ሌላው ጠየቀቻቸው።

«መለሰችልኝ» አሉ።

«ጥርት አድርጋ?»

እናትየው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። አንዲት ለቀስተኛ መርማሪዋን በክርን ነካ አድርጋ፣ አሁን ይህ የሚጠየቅ ነገር ነው አለቻት። መርማሪዋ ተነሳች።

ደጅ ላይ ሃምሳ አለቃው ጠጋ ብሎ ሌላ ወሬ አቀበላት። የአምናዋ እንግዳ ልብስ ሰፊው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ናት። ትናንት ጠዋት ዳቦ ቤቱ በር ላይ ድምቢጥን ክንዷን ጨምድዳ ይዛ ስትጮኽባት ብዙ ሰው አይቷል። ቅናት ነው ይላሉ፤ አምና እሷን ተሸክመው፣ ዘንድሮ ዞር ብሎ የሚያያት ጠፋ። መርማሪዋ ወሬውን ባትወደውም ሄደች። ልጅቱ የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ቀና አላለችም። ቀናሁባት ብለው ነው የነገሩሽ አይደል አለች። ታዲያ ምን ብለሽ ነው የጮኽሽባት ብትባል፣ ራስሽን ጠብቂ አልኳት እንጂ ሌላ ምንም አላልኳትም ብላ መኪናዋን መርገጥ ጀመረች። ልብስ ሰፊው ደግሞ ልጅቱ በዓሉ እስኪያልቅ ከመኪናው አለመነሳቷን በልጆቹ ስም ማለ። መርማሪዋ ተናዳ ወጣች። ይህች ልጅ የምታውቀው ነገር አለ፤ የተሰፋው ጨርቅ ሳይሆን አፏ ነው የሚመስለው።

የቀራት ሣጥኑ ነው።

ሣጥኑን ወደ አዳራሹ መልሰው ጥግ ላይ አስቀምጠውታል። ሃምሳ አለቃው ክዳኑን ሲያነሳላት የቀለም ሽታ አፍንጫዋን ሰነፈጠው። ውስጡ ሙሉ በሙሉ ሰማያዊ ተቀብቷል። የሣጥኑ አባት ዘንድሮ ለትልልቆቹ እንግዶች ሲሉ ውስጡም ይታደስ ብለው በበዓሉ ዋዜማ አስቀቡት፤ የባሕሩ እርጥበት ግን አላስደርቅ አለው። ሃምሳ አለቃው ይህን እያወራ ክዳኑን የያዘበትን አውራ ጣቱን ቢያነሳ፣ የጣቱ አሻራ እስከ መስመሩ ቀለሙ ላይ ተቀርጾ ቀረ።

መርማሪዋ አሻራውን አየች። ከዚያ ክዳኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስዞረችው።

«ቀለበቱ የት ነው?»

ሃምሳ አለቃው ከኪሱ በፖስታ የታሸገውን አወጣላት። ወፍራም፣ ከባድ፣ ጠርዙ የሾለ መዳብ ነው። ክዳኑን ጫፉ ላይ በዚያ አንድ ጊዜ፣ ቀስ አድርጋ መታችው። ቀለሙ ተሰንጥቆ እንጨቱ ታየ።

ከዚያች አንዲት ምልክትና ከሃምሳ አለቃው አሻራ በቀር ክዳኑ ላይ ምንም የለም። ከዳር እስከ ዳር ለስላሳ ነው። በጎኖቹም፣ በእግርጌውም ጭረት የለም። ራስጌው ላይ ብቻ ጥቂት ጥቁር ፀጉር ቀለሙ ይዞት ቀርቷል፤ እሱም አንድ ቦታ ላይ ነው። ልጅቱ መንገዱን ሁሉ ራሷን እንኳ ወደ ጎን አላዞረችም።

«አልመታችም» አለች መርማሪዋ። «አንድ ጊዜም።»

«እንዴት ይሆናል? ከላይ እስከ ታች…»

«ከላይ እስከ ታች ዋሽታችኋል።»

ሃምሳ አለቃው ባዶውን ፖስታ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ በኋላ ዓይኗን ሸሸ።

ከአዳራሹ ቀጥሎ ያለው ቤት የመንገዱ የመጀመሪያ ቤት ነው። የምትኖርበት አሮጊት እማማ ቀጭኔ ይሏታል፤ አንገቷ ረጅም ስለሆነና በአጥር ላይ የማታየው ነገር ስለሌለ። መርማሪዋ ወንበር እንኳ ሳትቀበል የክዳኑን ነገር ነገረቻት። እማማ ቀጭኔ በሩን ዘጋች፣ መጋረጃውንም ጋረደች።

«ልጄ፣ ለእኔ ከመለሰች ዓመታት አለፉ» አለች። «የዘንድሮዋን ብቻ አይደለም የምልሽ። እኔ ብቻ መስሎኝ! ቤቴ ላይ የሆነ ነገር አለ ብዬ በየዓመቱ አልቅሻለሁ። ሰው ሁሉ መለሰችልኝ ሲል እኔ አልመለሰችልኝም ልበል? ማን ከእኔ ዕቃ ይገዛል? ማን ደጄን ይረግጣል?»

«ይህን ይፈርሙልኛል?»

«ምኑን?»

«አልመለሰችልኝም ብለው።»

እማማ ቀጭኔ በሩን መልሳ ከፈተችላት። ለአንቺ ነው የነገርኩሽ እንጂ ለወረቀት አይደለም አለቻት።

መርማሪዋ ንዴቷን ቁልቁለቱን እየረገጠች አወረደችው። ልብስ ሰፊው ቤት ስትደርስ ሰላምታም አላቀረበች፤ ባለቤቱን ወጣ በልልኝ ብላ በሩን ገጠመች።

«አምና መንገድ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ መልሰሻል?» አለቻት።

የልጅቱ እግር የመኪናው መርገጫ ላይ ቆመ። ከዚያ ነገሩ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ወጣ። ወተቱን ጠጣች፤ መራራ ነበር፤ የሣጥኑ አባት በልጆች ላይ እንደሚያዙት ጨርሺ አሏት። ክዳኑ ሲዘጋ አይታለች። ከዚያ በኋላ የምታስታውሰው ጀልበኛው ፊቷ ላይ ውኃ ሲረጭ ነው። በፍርሃት የወደቀች መስሏት አፈረች፤ ግን ስትመለስ ሰው ሁሉ ጥርት አድርገሽ መለስሽልኝ እያለ ያቅፋት ጀመር። አልመለስኩም ብትል የስንቱን ቤት ዕድል እንደወሰደች ይቆጠርባታል። አዎ፣ መለስኩ አለች። በኋላ ግን ሳታንኳኳ እንዴት ሰሙ የሚለው ነገር እንቅልፍ ነሳት።

«ድምቢጥን ምን አልሻት?»

«ወተቱን አትጠጪ አልኳት። ደፍተሽ ጠጣሁ በይ አልኳት። ሳቀችብኝ።» አፏን በጨርቁ ያዘች። «ለምን እንደሆነ አልነገርኳትማ። ብነግራት አለመምታቴን ታውቅብኛለች።»

የሣጥኑ አባት ቤት ወደቡን ከነመርከቡ ቁልቁል ያያል። ግድግዳው ላይ የቀድሞ እንግዶች ፎቶ ተሰቅሏል፤ ሁሉም ነጭ ለብሰው ጀልባ ላይ ቆመዋል፤ ሁሉም ዓይናቸው እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። ሰውየው ተነስተው ተቀበሏት፣ እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ አሉ።

«ልጅዎ አይደለሁም። ትናንት ደጅዎ ላይ መለሰችልዎ?»

«ጥርት አድርጋ።»

«በቀለበቱ?»

«በምን ልትመልስ ነበር?»

ክዳኑን አሸክማ እስከ ደጃቸው አምጥታው ነበር። በመስኮቱ አሳየቻቸው፤ የሃምሳ አለቃውን የአውራ ጣት አሻራ፣ የራሷን አንዲት ምት፣ የቀረውን ለስላሳ ሰማያዊ። የአምናዋ እንግዳም ስለ ወተቱ የነገረቻትን ነገረቻቸው። የሣጥኑ አባት መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። የሚያፍሩ ሰው አይመስሉም ነበር፤ ተማሪ ያስቸገራቸው አስተማሪ ነው የሚመስሉት።

አንድ ዓመት አንዷ ልጅ መሐል መንገድ ላይ ጮኻ ክዳኑን በርግዳ ወጣች አሉ። ሰው ሳቀ። ያን ያህል ዘመን የኖረ ሥርዓት መሳቂያ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ወተቱ ውስጥ ከሚስቴ የእንቅልፍ መድኃኒት ትንሽ ጣል አደርጋለሁ፤ ለራሷ ለልጅቱም ፍርሃቱ ይቀልላታል። ማንም ተጎድቶ አያውቅም።

«ቤቶቹ እንደማይመለስላቸው ያውቁ ነበር?»

«ሁሉም መለሰችልኝ ይላል። እኔ ምን ቸገረኝ?»

«ትናንትስ ስንት ሰጧት?»

ወደ ወደቡ አዩ። «ትልልቅ ሰዎች መጥተው ነበር። እንዲያው ለጥንቃቄ ጨመር አድርጌያለሁ።»

«አስም እንዳለባት ያውቃሉ?»

«እናቷ ነግራኛለች። ለአንድ ቀን ነው፣ ምንም አትሆንም አልኳት።»

መርማሪዋ ስትናደድ ድምፅዋ ይቀንሳል። ሰውየውን ሞቅ አድርጋ መስደብ አምሯት፣ ጀልበኛው በእርስዎ ፈንታ ሲታሰር ምን ተሰማዎ ብላ ብቻ ጠየቀች። የሣጥኑ አባት መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። ጀልበኛው ድሮም ሥርዓቱን አይወድም ነበር አሉ። ደግሞም ይህን አሁን ያልኩሽን አልደግመውም። ወተት አላየሁም፣ መድኃኒት አላውቅም። ከላይ እስከ ታች ያለ ቤት ሁሉ መለሰችልኝ ብሎ ፈርሟል፤ አንቺ ምን አለሽ? ቀለም?

አለቃዋም በስልክ ያላት ይህንኑ ነው። አንድ ከተማ ሙሉ ሰው ፈርሞ፣ አንቺ በቀለምና ራሷን በማታስታውስ ልጅ ትሟገቻለሽ? አንድ ቤት፣ አንድ ቤት ብቻ ቃሉን ከለወጠ እናያለን፤ አለዚያ ሰውየውን አምጪልኝ አላት።

መርከቡ ሲጠጋ ወደቡ በሰው ተሞልቶ ነበር። ጀልበኛው በካቴና ታስሮ ሃምሳ አለቃው አጠገብ ቆሟል። እናቱ ያን የተቋጠረ ምግብ እንደያዙ ከኋላው ናቸው። የሣጥኑ አባት ከበረንዳቸው ላይ ያያሉ። መርማሪዋ የዕቃ ማውረጃው ድንጋይ ላይ ወጣች። ንግግር አትወድም፤ ያላትን ብቻ ተናገረች። ድምቢጥ ሣጥኑ እንደተዘጋ እንቅልፍ ወስዷታል፣ መድኃኒት ሰጥተው አስተኝተዋታል። ለአንዳችሁም አልመለሰችም። አምናም አልተመለሰላችሁም። እያንዳንዳችሁ እኔን ብቻ ነው የዘለለችኝ ብላችሁ አፍራችሁ ዋሻችሁ። ይኸው ሰው ውሸታችሁን ተሸክሞ እስር ቤት ሊገባ ነው። አንድ ሰው ይውጣና እውነቱን ይናገር።

ዳቦ ጋጋሪው ሽርጡን ያስተካክላል። ፀጉር አስተካካዩ የሆነ ሰው የሚፈልግ ይመስል ወደ ኋላ ዞረ። እማማ ቀጭኔ ያ ሁሉ አንገት የት እንደገባ እንጃ፣ ከሰው መሐል ጠፍታለች። መርማሪዋ ወደ ሃምሳ አለቃው ዞረች።

«ያንተስ ቤት? መንገዱ ላይ አይደለም እንዴ?»

ሃምሳ አለቃው የካቴናውን ቁልፍ በእጁ ያገላብጣል። «ኢንስፔክተር» አለ፣ እሷ ብቻ እንድትሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ልጆች አሉኝ።»

የመርከቡ ደወል ተደወለ። ጀልበኛው እናቱን ዞር ብሎ አየና ራሱ ወደ መርከቡ መሰላል መራመድ ጀመረ። ያኔ ሰው ከኋላ ገለል ገለል ማለት ጀመረ። የድምቢጥ እናት ናቸው። የሐዘን ልብሳቸውን እንደለበሱ ነው የመጡት። ማንንም ሳያዩ አልፈው ድንጋዩ ሥር ደረሱ።

«አልመለሰችልኝም» አሉ።

ከበረንዳው ላይ የሣጥኑ አባት፣ ሐዘን ነው የሚያናግራት፣ ውሰዷት አሉ። ማንም አልነካቸውም።

«ሁለቴ መታሁ» አሉ እናትየው። «ጆሮዬን ክዳኑ ላይ ለጠፍኩ። ዝም። ስሟን ልጠራት ነበር። ሰው ሁሉ ያየኛል፣ ተሸካሚዎቹ ይጠብቁኛል፣ የገዛ ልጇ አልመለሰችላትም ሊሉኝ ነው። ቀና ብዬ ሳቅሁና ልጄ መለሰችልኝ አልኩ። አጨበጨቡልኝ።»

ሃምሳ አለቃው ሳይታዘዝ ካቴናውን ፈታ። ለእኔም አልመለሰችም አለ፤ ያለው ግን ለመሬቱ ነው። ከዚያ ዳቦ ጋጋሪው፣ ከዚያ የጫማ ሻጩ ሚስት፣ ከዚያ ከየት እንደመጣች እንጃ እማማ ቀጭኔ። አንድ በአንድ፣ እየተሽኮረመሙ፣ አንዳንዶቹም እንደ ጀግና ደረታቸውን ነፍተው። መርማሪዋ አላመሰገነቻቸውም። ትናንት ተናግረው ቢሆን ኖሮ ምስጋናው አይበዛባቸውም ነበር። ከሣጥኑ ተሸካሚዎች ሁለቱን ልካ የሣጥኑን አባት ከበረንዳው አስወረደች፤ እሳቸውም በጀልበኛው ቦታ ሃምሳ አለቃው አጠገብ ቆሙ። ጀልበኛው በዚያ ሁሉ ሰው መሐል አልፎ ሄደ፤ መንገድ የሚለቁለትን አንዳቸውንም አላየም። እናቱ ቋጠሮውን ይዘው ተከተሉት።

መርማሪዋ የዕቃ መጫኛ ሣጥን ላይ ወረቀት ዘርግታ የድምቢጥን እናት ቃል መጻፍ ጀመረች። እናትየው ቆመው እጇን ያያሉ።

«ሐኪሙ ቶሎ አልሞተችም አለ አሉ» አሏት።

«አዎ፤ ብዙ ቆይታለች።»

«የእኔ ቤት ሦስተኛው ነው። ያኔ ብናገር፣ ክዳኑን ክፈቱልኝ ብል፣ ልጄ ትተርፍ ነበር?»

አንዲት ሴት ከእናትየው ጀርባ ሆና መርማሪዋን በዓይኗ ለመነቻት፤ ዳቦ ጋጋሪውም ራሱን በአሉታ እየነቀነቀ ምን ማለት እንዳለባት ያሳያታል። እዚህ አገር ሰው የሚያውቀው ይህንን ነው፤ ጥርት አድርጎ መዋሸት። ለአፍታ፣ እሷም ልትለው ነበር።

«አዎ» አለች። «ትተርፍ ነበር።»

እናትየው እንደቆሙ ቀሩ። ከዚያ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ፣ እስክሪብቶው የቆመበት ቦታ ላይ አሳረፉ።

«እሱንም ጻፊው» አሉ።

ጻፈችው።